የሸኩር አንድ ኩላሊት

በሁለት ሺህ ዐሥራ ሁለት ዓመተ ምሕረት፥ በወርኃ ሚያዝያ፥ ወረርሽኙን ለመግታት የአገር አቋራጭ ጉዞ ታግዶ የጅማ መናኸሪያ ጭር ብሎ ነበር፤ የደዶው ቡና ገበሬ ሸኩርም አዲስ አበባ ሊታከም የያዘው ቀጠሮ ተሰረዘበት። ከተፈጥሮው አንድ ኩላሊት ብቻ የነበረው ይህ ጎልማሳ በዚያው በአንዱ ውስጥ ጠጠር አድጎበት፥ ሽንቱ እየነጠፈ፥ ፊቱም እያበጠ ሄደ።

በጅማ ሆስፒታል የምትሠራው፥ የከተማው የበቾ ቦሬ ሰፈር ተወላጅ የሆነችው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ዶክተር ማሂራ «እዚሁ እሠራዋለሁ» አለች። የሸኩር አባት አባቦራ ግን አልተስማሙም።

«ኩላሊት እኮ ደም ነው፤ ያለውም አንድ ነው። ከቀደድሽው ምን ይተርፈዋል?»

ማሂራ ከሥጋ ቤት የበግ ኩላሊት አስገዝታ በሆስፒታሉ ግቢ፥ በዛፍ ጥላ ሥር፥ በፊታቸው ለሁለት ሰነጠቀችው።

«ይመልከቱ አባቦራ። ይህ የውጭው ክፍል ደሙን ያጣራል፤ የውስጡ ሾጣጣ ሽንቱን ወደዚህ ገንዳ ያንጠባጥባል፤ ጠጠሩ ያለው ገንዳው ውስጥ ነው። የሰው ሾጣጣዎች ብዙ ናቸው እንጂ ሥራቸው ያው ነው። ደም ወሳጁ በዚህ ጎድጓዳ በኩል ገብቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይከፈላል፤ ሁለቱ ቅርንጫፎች በሚዋሰኑበት ደም የሚያንስበት መሥመር አለ። እኔ የምገባው በዚያ ነው።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ሲመለከቱ ቆዩ። «ከዚህ በፊት ሠርተሽዋል?»

«ከመምህሬ ጋር እንጂ ብቻዬን አልሠራሁም።»

«ሠርቻለሁ ብለሽ ብትዋሺኝ ኖሮ ልጄን ይዤ እሄድ ነበር» አሉ አባቦራ፤ «በይ ቢስሚላሂ ብለሽ ጀምሪ።»

በማግስቱ ማሂራ ዋናውን ደም ወሳጅ በመቆንጠጫ ይዛ፥ ደም ተቋርጦበት እንዳይጎዳም ኩላሊቱን በበረዶ ከባ፥ በዚያ መሥመር ላይ ቀደደች፤ የዝንጅብል ሥር የመሰለ ጠጠርም አወጣች። ሰፍታ መቆንጠጫውን ስትለቅ የገረጣው ኩላሊት ቀስ እያለ ቀላ፤ ከስፌቱ ግን ደም ይንጠባጠብ ጀመር። ሁለት እጇን ጭና፥ በልቧ ዱዓ እያደረገች ጠበቀች፤ ደሙም ቆመ። ከቀትር በኋላ በቱቦው ሽንት መውረዱን ስትነግራቸው አባቦራ «አልሐምዱሊላህ» ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

በጥቅምት ሸኩር ከአባቱ ጋር ቡና ለቀመ፤ ሐኪሟ ውኃ አብዝቶ እንዲጠጣ አዝዛው ነበርና በየጊዜው ሥራውን እያቋረጠ ወደ ቁጥቋጦው ይሄዳል፤ አባቦራም ያን ባዩ ቁጥር ፊታቸው ይፈካል።

የዚያን ዘመን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የታመሙትንና የሞቱትን ቆጠሩ፤ መቁጠራቸውም ተገቢ ነበር። በዚያው ወራት በሌላ ደዌ ሊሞት ተቃርቦ የተረፈውን ሰው ግን የሚያውቁት የደዶ ጎረቤቶቹ ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ በለቀማ ወቅት እንደ ማንኛውም ሰው «ፍጠን» ይሉታል።