ሰኞና ረቡዕ፣ ሻርጃ

ፍቅር ቦታ አይመርጥም ይባላል። እውነት ሳይሆን አይቀርም፤ ቢመርጥማ የመኪና ማቆሚያ ምን ያደርግለታል? የትብለጥንና የፍቅረማርያምን ነገር ያመጣው ግን ሌላ ሳይሆን የማዳም ጥድፊያ ነው።

የትብለጥ አሠሪ ማዳም ዱባይ፣ አል ባርሻ በሚገኘው ቤቷ አንድ ልጅ አለቻት፣ ቢልቂስ የምትባል፣ ገና የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪ። ትምህርት ቤቷ ሻርጃ ካለ አንድ ኮሌጅ ጋር ተስማምቶ፣ ጎበዝ ጎበዞቹ ሃይስኩል ሳይጨርሱ የኮሌጅ ኮርስ እንዲጀምሩ ፈቀደ። አስራ ሁለተኛን ስትጨርስ የኮሌጁም አንደኛ ዓመት አብሮ ያልቅላታል ማለት ነው። ማዳም ይህን የሰማች ቀን ለእህቶቿ ሁሉ ስትደውል ዋለች። ለመመላለሻ አንድ ሹፌር ከነመኪናው በኤጀንሲ ተቀጠረ። ነገር ግን በዚያ ቤት ደንብ ሴት ልጅ ከወንድ ሹፌር ጋር ብቻዋን አትሄድም። ስለዚህ ሰኞና ረቡዕ ከሰዓት የቤት ሠራተኛዋ ትብለጥም አብራ ትጫናለች።

ትጫናለች ያልኩት አውቄ ነው። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ጀምራ ስታጥብ፣ ስትወለውል፣ ስትተኩስ የዋለች ሴት መኪና ላይ አትሳፈርም፣ ትጫናለች እንጂ።

ሹፌሩ ፍቅረማርያም የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፤ አጅማን ውስጥ ቤድ ስፔስ በሚሉት የአልጋ ብቻ ኪራይ ከሌሎች ወንዶች ጋር አንድ ክፍል ተጋርቶ ይኖራል። የመጀመሪያው ቀን በአማርኛ ሰላም ተባባሉና ደስ አላቸው። ቢልቂስ ክፍል እንደገባች ግን ሞተሩን ሳያጠፋ፣ ኤሲውን ከፍ አድርጎ ወረደና ከኮሌጁ መኪና ማቆሚያ ግንብ ጥግ ሄዶ ቆመ። ልጅቷ ተምራ እስክትወጣ አልተመለሰም። በሌላውም ቀን እንደዚሁ፣ በሚቀጥለውም እንደዚሁ።

«ይኼ ሰውዬ ምን ሆኗል፣ ሸተትኩት እንዴ?» አለች ትብለጥ በሆዷ። በሚቀጥለው ረቡዕ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ሁለቴ ታጠበች። እሱ ግን ያው ወረደ። ተቀየመችው፤ ቅያሜዋንም ብዙ ሳይቆይ እዚያው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ይወስደዋል።

ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ጨመረ። አንድ ሰኞ ከእንቅልፏ ብንን ስትል በመስኮቱ አየችው። ሸሚዙ በላብ ከጀርባው ተጣብቆ፣ አናቱን በካርቶን ከልሎ መሬት ላይ ተቀምጧል። በሩን ከፍታ ወረደች።

«ስማ ወንድሜ፣ ካልወደድከኝ ንገረኝ። በኔ ምክንያት ሰው ፀሐይ ላይ ሲጠበስ ማየት አልችልም።»

ደንግጦ ተነሳ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ታዲያ ለምን ትወርዳለህ?»

ካርቶኑን ሲያጣጥፍ ቆየ። «የኮሌጁ ዘበኛ ያያል» አለ በመጨረሻ። «ወንድና ሴት በቆመ መኪና ውስጥ ካየ፣ ነገ ወሬው ማዳምሽ ጋ ነው። ደግሞ እኔ ካለሁ አትተኚም። የመጀመሪያው ቀን በመስታወቱ ዓይንሽን አይቼዋለሁ። ዕረፍት የሚባል ነገር ያላየ ዓይን ነው።»

ትብለጥ ሰባት ዓመት ዱባይ ስትኖር ምን ሠራሽ የሚላት እንጂ ተኝተሻል ወይ ያላት ሰው አልነበረም።

«ደግሞ ታንኮራፊያለሽ» አለ።

«ዋላሂ ውሸትህን ነው» አለችና፣ ሳታስበው ሳቀች።

ከዚያ ወዲህ ዘበኛው በሚያያቸው ዝቅተኛ ግንብ ላይ፣ በመሀላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው ይቀመጡ ጀመር። እሱ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለ አባቱ ታመው አቋርጦ ነው የመጣው። እሷ የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷን እንኳ ሳትጠብቅ ነው ከወረታ የወጣችው።

«ይቺ ልጅ ሳትደርስ ጀመረች፤ እኛ ደርሰን አቆምን» አላት አንድ ቀን። እሱ ሲያያት እሷ ወደ በሩ ትመለከታለች፤ እሷ ስታየው እሱ ጫማውን ያያል።

ወደደችው። ምን ይደበቃል፣ አጥብቃ ወደደችው። ዕረፍት ብላ የምታውቀው በወር አንዴ ቤተ ክርስቲያን የምትሄድበትን ግማሽ እሑድ ነው። ኮርሱ ከቆመ የሱም ሥራ ይቆማል፤ ከዚያ በኋላ የት ታየዋለች?

ቢልቂስ ግን እያለቀች ነበር። ጠዋት ትምህርት ቤት፣ ከሰዓት ኮሌጅ፣ የሻርጃ መንገድ በመኪና ተጨናንቆ ሲቆም ጭኗ ላይ አሳይመንት። ምግብ አስጠላት። አንድ ማታ ወጥ ቤት ገብታ ትብለጥን ከኋላዋ አቀፈቻት። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት።

«ትቢ፣ ኮሌጁን ልተወው? ለማማ ልንገራት?»

የትብለጥ አፍ ተይው ሊል ነበር። ልቧ ግን ያንን ግንብ አየ።

«ትንሽ ታገሺ የኔ ልጅ። ቀን እስኪያልፍ ያለፋል» አለቻት።

ይህን ያለችው ለማን ብላ እንደሆነ ታውቃለች። ድስቱን ስታጥብ በራሷ አፈረች።

ቅዳሜ የቢልቂስን ፀጉር ስታበጥር ማበጠሪያው ፀጉር ጨብጦ ወጣ። ደግማ አበጠረች፣ ደግሞ ወጣ። ማበጠሪያውን አስቀመጠችና ልጅቷን ወደ ራሷ አዞረቻት።

«ተይው» አለች። «በአገራችን ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም ይባላል። ሃይስኩልሽን ጨርሺ፣ ኮሌጁ የትም አይሄድም። ለማማሽ ዛሬውኑ ንገሪያት።»

ቢልቂስ ዓይኗ እንባ ሞላ። «ሹፌሩም እንደዚህ ነው ያለኝ። ረቡዕ ስንመለስ አንቺ ተኝተሽ ነበር፣ ጠየቅኩት።»

ትብለጥን አንድ ነገር ጠቅ አደረጋት። እሱም ተይው ብሏል፤ እንዲህ ቀላል ነው እንዴ ለሱ?

ማዳም ሁለት ቀን አኮረፈች፣ ከዚያ እሺ አለች። መጽሐፍ ለመመለስ ለመጨረሻ ጊዜ ሻርጃ ሄዱ። ግንቡ ላይ እንደተቀመጡ ትብለጥ አላስቻላትም።

«ተይው ያልካት አንተ ነህ አሉ።»

«አዎ። አንቺስ?»

«እኔም ተይው አልኳት። ፀጉሯን ባየሁ ጊዜ።»

«እኔም በመስታወቱ አየኋት። ድሮ ያንቺ የነበረው ዓይን የሷ ሆኗል።» ጫማውን አየ። «ሥራዬ እንደሚቀር አውቃለሁ። ሥራ ይገኛል። የፈራሁት ሌላ ነገር ነው።»

ምን እንደሆነ አልጠየቀችውም። ሁለቱም ይህን ግንብ እንዳያጡ ፈርተው፣ ሁለቱም ለልጅቷ ብለው ለቀውታል።

«ኸላስ፣ አለቀ በለኛ» አለች።

«ኮርሱ ነው ያለቀው። እኔ ሽማግሌ ልልክ እፈልጋለሁ። እዚህ አገር ቤተሰብሽ ማነው?»

«ማን አለኝ? ማዳም ጋ ላካ» አለች ለቀልድ።

እሱ አልሳቀም።

በሁለተኛው እሑድ የአል ባርሻው በር ተደወለ። ዲራ ሰፈር ጨርቅ የሚነግዱት ጋሽ ዘውዴና ምግብ ቤት ያላቸው አቶ አብዱራዛቅ ሙሉ ልብስ ለብሰው ሳሎን ገቡ። ማዳም ተቀመጡ ብትላቸው እጅ ነስተው ቆሙ።

«ሙሽኪላ፣ ችግር አለ? ከኤጀንሲ ናችሁ?» አለች።

«የመጣንበት ጉዳይ ሳይፈጸም አንቀመጥም» አሉ ጋሽ ዘውዴ፤ አቶ አብዱራዛቅ ወደ ዓረብኛ መለሱት። ማዳም ይብሱን ደነገጠች።

የትብለጥን የአገር ቤት ወሬ እየሰማች ያደገችው ቢልቂስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። «ማማ፣ ትቢን ለጋብቻ ሊጠይቁ ነው። እንቢ ካልሽ ቆመው እንደመጡ ይመለሳሉ።»

«ለማን?»

«ለሹፌሩ።»

ማዳም ፊቷ ጠቆረ። ትብለጥ ከወጥ ቤቱ በር እጇ እንደረጠበ ቆማለች።

«ትፈልጊዋለሽ?» አለቻት ማዳም።

በሽማግሌ ፊት ልጅ እንዲህ አይጠየቅም። ጋሽ ዘውዴ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ምንጣፉን አዩ። ትብለጥም ሰባት ዓመት እሺ ማዳም ከማለት ሌላ በዚያ ሳሎን የተናገረችው የለም።

«እፈልገዋለሁ» አለች። «ደክሞኛል ማዳም። መድከሙም ካልቀረ ከሱ ጋር ልድከም።»

ማዳም ልጇን አየች፣ ትብለጥን አየች።

«ውልሽ መስከረም ያልቃል» አለች። «እስከዚያ ትሠሪያለሽ። ከዚያ አልይዝሽም። በያቸው፣ ይቀመጡ።»

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ትብለጥ ሻይ ልታፈላ ስትዞር ቢልቂስ ትከሻዋን ይዛ ሶፋው ላይ አስቀመጠቻትና ወጥ ቤት ራሷ ገባች። ሰባት ዓመት አቧራውን ስታራግፍለት የኖረችው ሶፋ ነው። መጀመሪያ ጫፉ ላይ ነበረች። ሻዩ ሲመጣ ግን ደገፍ ብላለች።