ሽማግሌዋ ሀስና

«አባቷ ነኝ» አላት፤ አሲያም አመነችው።

ቆቦ ውስጥ ያለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዱን ክፍል ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ይለቅላቸዋል። ቤተሰቦቹን የምታሰባስበው በዩኒቨርሲቲ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማረችው አሲያ ናት። ያን ቀን ከዋጃ የመጣው ወጣት ፈሪድ ይባላል፤ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። በእጁ ሀስና የምትባል ትንሽ ልጅ ይዟል። አሲያ ቀጥላ ስለ ልጅቷ እናት ጠየቀችው። ዓረብ አገር ናት አላት። ሁለቱም መልስ እውነት ነበር፤ አሲያ ግን ሁለቱን ገጥማ ባለትዳር አደረገችው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኗን መጠበቅ ሥራ ሆነባት። ፈሪድ ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። ሀስና ስትጮህ አይቆጣም፣ አያፍርም፤ እስክትረጋጋ አጠገቧ ቁጭ ይላል። ሌሎቹ አባቶች አንድ ቀን ብቅ ብለው ሲጠፉ እሱ አይቀርም። አሲያ በልቧ «ሚስቱ ታድላለች» ትልና፣ በሰው አገር የምትደክመውን ሴት አስባ በራሷ ታፍራለች። እሱን ስታናግር እንኳ የምታየው ሀስናን ነው።

በዚያ ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ብቻ አይደለም። አንዷ ገበያ ስትሄድ ሌላዋ ልጇን ትይዝላታለች። ጎረቤት «ጂኒ ይዞት ነው» ያላት እናት እዚያ አልቅሳ ይወጣላታል። ይሳቃልም፤ በተለይ ከእናቶቹ አንዷ ወይዘሮ አስካለ ባሉበት።

አንድ ቅዳሜ አሲያ፣ ብዙዎቹ ልጆች የሰሙትን እንዳለ እንደሚደግሙ አስረዳች። አንዲት ልጅ «ውሃ ልስጥሽ?» ካለቻችሁ እሷ ጠምቷታል ማለት ነው፤ ውሃ ሲሰጧት የሰማችውን ነው የምትመልሰው። ስለዚህ ቃሉን ከመናቃችሁ በፊት ማን ለማን ብሎት እንደነበር አስቡ አለቻቸው።

ተናግራ ሳትጨርስ ሀስና ከጥግ ሆና፣ የአያቷን፣ የፈሪድን እናት የወይዘሮ ኡሙሃኒን ድምፅ ቁርጥ አድርጋ አስመስላ፣ «ንገራት እንጂ ልጄ» አለች። «ለአስተማሪዋ ንገራት። እስከ መቼ ላጤ ትሆናለህ?»

«ትሆናለህ» ለሴት አይባልም። ሁሉም ዞሮ በክፍሉ ውስጥ ያለውን አንድ ወንድ አየ።

«እሰይ» አሉ ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፤ «እኛ ሽማግሌ ጢም ያለው ብቻ ይመስለን ነበር።»

ፈሪድ መሬት መሬቱን አየ። ሰው ሲበተን አሲያ በር ላይ ጠበቀችው።

«ላጤ ነህ?» አለችው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ «እርስዎ» ነበር የምትለው።

«ነኝ።»

«የሀስና እናትስ?»

«የወንድሜ ሚስት ናት። ወንድሜ ካረፈ በኋላ ሥራ ፍለጋ ሄደች። የወንድም ልጅ የራስ ልጅ አይደለችም እንዴ? አባቷ ነኝ ስልሽ አልዋሸሁም።»

አልዋሸም። በእነ አሲያም ቤት የአባት ወንድም አባት ነው፤ ተምራ ስትመለስ ረስታው ነው።

ታዲያ ለምን ዝም እንዳለ ጠየቀችው። አንድ ጊዜ ታጭታለት የነበረች ልጅ ቤተሰቦች፣ ሀስናን ካዩ በኋላ ነገሩን እንዳፈረሱት ነገራት። ከዚያ ወዲህ ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

«ሀስናን ትቼ አላገባም» አለ። «አንቺ ደግሞ ሥራሽ ስለሆነ ነው የምታዝኚልን ብዬ ነው።»

አሲያ ለወንድ እንዲህ ያለ ነገር ተናግራ አታውቅም። የሻሿን ጫፍ እያፍተለተለች «ለሥራ መምጣቴ እውነት ነው» አለችው። «ቅዳሜ ጠዋት መስታወት ፊት ሻሽ ስቀያይር የማረፍደው ግን ለሥራ አይደለም።»

ቀና ብላ አየችው። እሱም ዓይኑን አልሰበረም።

ጢም ያላቸው ሽማግሌዎች ጎብዬ ወደ አሲያ አባት ቤት ሄዱ። አባቷ አቶ ሰይድ ስለ ፈሪድ አጠያይቀው ወደውታል፤ ጠባዩንም ሥራውንም አመሰገኑ። አንድ ነገር ግን አስቀመጡ፤ ልጅቱ ከአያቷ ጋር ትቅር። ልጃቸው ገና በሙሽርነቷ ሸክም ይዛ እንድትገባ፣ አገሩም «ምን ጎድሏት ነው» እንዲላት አይፈልጉም። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ፈሪድ ይህን እንደማይቀበል ያውቃሉ፤ ነገሩ እዚያው ላይ ሊያበቃ ነበር።

የምትጠየቅ ልጅ በሽማግሌ ፊት አትናገርም። አሲያ ግን ከጓዳ ወጣች።

«አባ» አለች፤ «‹ልጆቻችሁን ከሰው አትደብቁ› እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ። በሰርጌ ቀን ሀስናን ደብቁልኝ ካልኩ፣ በማግስቱ እነዚያን እናቶች በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ደግሞም ፈሪድን የወደድኩት ከእሷ ጋር ሆኖ ሳየው ነው። ያለ እሷ የሚመጣውን ሰው አላውቀውም።»

አባቷ ሽማግሌዎቹን «እናስብበት» ብለው ሸኟቸው።

በመጣው ቅዳሜ አቶ ሰይድ ከጎብዬ ሚኒባስ ተሳፍረው ቆቦ መጡና ከክፍሉ ኋላ ተቀመጡ። ወይዘሮ አስካለ፣ የልጃቸው ነገር ከታወቀ ወዲህ ማንም ለድግስ ጠርቷቸው እንደማያውቅ ሲናገሩ ሰሙ፤ ያን ቀን አልቀለዱም። ሀስና ወደ አቶ ሰይድ መጣች። ሰላም ሳትል፣ ፊታቸውንም ሳታይ ክንዳቸው ላይ ተደገፈች። እሳቸውም ስብሰባው እስኪያልቅ ክንዳቸውን አላንቀሳቀሱም።

ሽማግሌዎቹ መልስ ሊሰሙ ሲመለሱ አቶ ሰይድ አንድ ቃል ብቻ ነገሯቸው።

«ከነልጅቷ።»

ኒካሁ ከረመዳን በኋላ ታሰረ። ጩኸት ሀስናን እንደሚያስጨንቃት የሰሙት አቶ ሰይድ፣ ለሰርጉ የተከራዩትን ድምፅ ማጉያ ለባለቤቱ አስመለሱ፤ ወጣቶቹም በጭብጨባ ብቻ ጨፈሩ። አመሻሽ ላይ ፈሪድ፣ አሲያና ሀስና አብረው ዋጃ ገቡ።