ያልደረሰው ክስ

ሳጅኑ የተገኘው ዓርብ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ከዲሲፕሊን ክፍሉ ሕንፃ ሥር፣ ሲሚንቶው ላይ በፊቱ ተደፍቶ ነው። ከአራተኛው ፎቅ ሰገነት ወድቋል። ጫማው ተወልውሏል። ደረት ኪሱ ውስጥ በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ፊርማው ያለበት አንድ ገጽ ነበር፦ «ዘግይቼ ገብቻለሁ፤ ለአለቃ አልተነሳሁም፤ በሦስተኛው ክስ እንደተገለጸውም እስረኛው የሞተበትን ዕለት የተረኛ መዝገብ ገጽ ቀድጃለሁ። ስለዚህ ራሴን ቀጥቻለሁ።»

ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችውን ኢንስፔክተር ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ ቀጭን ስለሆነች ሳይሆን ስለምትወጋ።

የሟቹ ሚስት ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። «እስከ ሰኞ ቤቱን ልቀቁ ተባልን፤ ጎረቤት ዕቃችንን እያሰረልን ነው» አለች። «ጥፋቱን አምኖ የሞተ ፖሊስ ቤተሰብ ካምፕ ውስጥ አይኖርም አሉ። ሦስት ልጅ ይዤ የት ልግባ?»

ከጎኗ ጠበቃው ወንድሟ ነበር። «ችሎቱ ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር። አብሬው ልግባ ብዬ አራት ጊዜ ጻፍኩ። አራቴም ‹ይህ የቤተሰብ ጉዳይ ነው› ብለው መለሱኝ። ቤተሰቡ እኮ እኔ ነኝ!»

«ስንት ክስ ነበረበት?»

«ሁለት። መዘግየትና ለአለቃ አለመነሳት። የፈሩት ግን ሌላ ነው፤ እስረኛው በሞተበት ዕለት ክፍሉ ማን እንደገባ ዛሬ ሊናገር ነበር።»

የዲሲፕሊን ክፍሉ ኮማንደር ከወንበሩ አልተነሳም። ከራስጌው «የአባላት መብት ይከበራል» የሚል ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ፊደሎቹ በአቧራ ደብዝዘዋል።

«ጌታዬ፣ ሟቹን መጨረሻ ያዩት መቼ ነው?»

«ረቡዕ። ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁ። ምነው፣ ተከሳሽ ደጅ እጠናለሁ እንዴ?»

«ፊርማውስ?»

«የራሱ ነው። ከፈለግሽ አስመርምሪ።»

መርፌ ገጹን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች። ጽሑፉ ከገጹ እኩሌታ ሳይደርስ አልቋል። ፊርማው ግን ከግርጌው ጥግ ብቻውን ተቀምጧል፤ እንደ ተኳረፈ ዘመድ።

የክፍሉን አሮጊት ጸሐፊ ደረጃው ሥር አገኘቻት። «እትዬ፣ እዚህ ቤት ሰው ባዶ ወረቀት ላይ ይፈርማል?»

ጸሐፊዋ ግራ ቀኝ አየች። «ሁሉም ይፈርማል እኮ፣ ልጄ። ‹ቃልህን በኋላ እንሞላዋለን› ይባላል። ወረቀቱ ኮማንደሩ ካዝና ውስጥ ነው የሚቀመጠው።»

«ክሶቹንስ ማን ጻፈ?»

«ሁለቱን እኔ። ሦስተኛውን ትናንት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮማንደሩ በር ዘግተው ራሳቸው ጻፉት። አሽገው ‹ጠዋት ስጪው› አሉኝ። ይኸውልሽ፣ ሳልሰጠው ሞተ።»

ፖስታው እንደታሸገ ነበር።

አምስት ሰዓት ላይ አራቱንም ችሎቱ ሊካሄድበት በነበረው አዳራሽ ሰበሰበቻቸው። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆሙ። ፖስታውን ፊታቸው ቀድዳ አነበበች፤ የተረኛ መዝገብ ስለ መቅደድ የሚል ነው።

«ሟቹ የሚያውቀው ሁለት ክስ ነው» አለች። «ጠበቃውም ሁለት። እትዬም የጻፉት ሁለት። ታዲያ ኑዛዜው ‹ሦስተኛው ክስ› የሚለውን ከየት አመጣው?»

ኮማንደሩ ሳቀ። «በቃል ነግሬዋለሁ!»

«የት?»

«እዚያው ሰገነቱ ላይ፣ ዛሬ ጠ—»

አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

«ከረቡዕ ወዲህ አላየሁትም ብለውኝ ነበር» አለች መርፌ ቀስ ብላ። «እስረኛው ክፍል የገቡት እርስዎ ነዎት፤ ገጹንም የቀደዱት እርስዎ። ሳጅኑ ሳይናገር ጥፋቱን በላዩ ላይ ጻፉበት፤ የፈረመበትን ባዶ ወረቀት ከካዝናዎ አውጥተው ሞሉት፤ ዛሬ ጠዋት ሰገነቱ ላይ ጠርተው ገፉት፤ ወርደው ወረቀቱን ኪሱ ከተቱ። መብቱን አክብረው ክሱን በጊዜው ቢሰጡት ኖሮ፣ ጌታዬ፣ እኔ የምይዘው ነገር አልነበረኝም።»

ኮማንደሩ ብድግ አለ። «ጠበቃዬ ሳይመጣ አንዲት ቃል አልተነፍስም! መብቴ ነው!»

ጠበቃው ጠረጴዛውን ዘልሎ ሊያንቀው ሲል እህቱ እጅጌውን ያዘችው።

«ተወው፣ ወንድምዓለም። ይምጣለት። አጠገቡም ይቀመጥለት» አለች። «አሁን ተነስና ቤት እንሂድ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሳይመጡ የታሰረውን ዕቃ እንፍታው።»