መሰላሉን የሳቡ ሰዎች

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፤ እናቴ «ሳታይው የጠራሽን ሰው ሦስት ጊዜ ሳይደግም አቤት አትበይ» ስትለኝ እንኳ የምስቅባት ነበርኩ፣ እና አሁን የምነግራችሁን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ «ሥራ ፈት!» ብዬ ነበር የምነሳው።

ሥራዬ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ መርዳት ነው። ባለፈው የበረዶ ወራት እዚህ በስደት ሀገር፣ ኤግሊንተን ዌስት የሚባል ሰፈር አጠገብ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ማርጋሬት የሚባሉ የስኮትላንድ ሴትዮ ነበሩኝ፣ ዘነበች ማለት አቅቷቸው «ዚ» ይሉኛል፣ ምላሳቸው ስለታም ነው፣ ግን እወዳቸው ነበር፣ ምን ላድርግ።

ግድግዳቸው ላይ የአንድ ፍርስራሽ ግንብ ፎቶ ተሰቅሏል። የቅድመ አያቶቻችን ቤት ነው አሉኝ፣ በጦርና በጋሻ ዘመን የተሠራ፣ እንደ ማማ ቀጥ ያለ፣ በሩ መሬት ላይ ሳይሆን ሁለት ሰው ቁመት ያህል ከፍ ብሎ፤ የሚገባው በእንጨት መሰላል ነው፣ ጠላት ሲመጣ መሰላሉን ወደ ላይ ይስቡታል። አንድ ቀን ጠላት ድንገት ደረሰና ሳቡት፣ ልጆቻቸውን ያሳደገችው ሞግዚት ግን ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ነበር። ከሥር ሆና ግንቡን እየደበደበች ጮኸች፣ ማንም አላወረደላትም። «ግንቡ ፈረሰ፣ እሷ ግን ማንኳኳቷን አልተወችም፣ ከእኛ ዘር አርጅቶ የቀረ ሁሉ ሰምቷታል» አሉኝ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ችግሩ፣ «እኔም ስታንኳኳ እሰማታለሁ» እያሉ ላገኙት ሁሉ መናገር ጀመሩ። አለቃዬ የሀገሬ ልጅ ናት፣ ደወለችልኝ።

«ዘኒዬ፣ አንዴ ደግመው ሰማሁ ካሉ ሪፖርት አደርጋለሁ፣ ከዚያ ነርሲንግ ሆም፣ መጦሪያ ቤት ነው የሚያስገቧቸው።»

ከቤታቸው ካስወጧቸው እንደሚሞቱ አውቃለሁ፣ አንጀቴን በሉት።

በማግስቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ሾርባቸውን እያሞቅኩ ሳለ፣ እመኑኝ፣ እኔም ሰማሁት። ዱብ፣ ዱብ። በሩ ላይ አይደለም፣ ከደፉ ሥር፣ ከወለሉ በታች ነው። የአሥረኛ ፎቅ ሰዎች ናቸው አልኩ። ቀጥሎ እርጥብ ድንጋይ ሸተተኝ፣ የውሃ ጉድጓድ ዓይነት ሽታ፣ ማሞቂያው በሚነድበት ቤት ውስጥ። ሴትዮዋ ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ሳቡ።

«ማርጋሬት፣ ከፍቼ ላሳይዎት፣ ማንም የለም» አልኳቸው።

ያኔ ነው ከበሩ ወዲያ «ዘነበች» ያለኝ። ሙሉ ስሜን፣ ረጋ አድርጎ፣ በሴት ድምፅ፤ በዚያ ሕንጻ ውስጥ ስሜን አስተካክሎ የሚጠራ አንድ ነፍስ የለም። እኔ ሞኟ፣ አፌ አመለጠኝና «አቤት!» ብዬ ከፈትኩ።

ኮሪደሩ ባዶ ነበር።

«ሊፍቱ ድረስ እይልኝ፣ ዚ» አሉኝ ከኋላዬ።

ወጣሁ፣ ሦስት እርምጃ እንኳ አልሄድኩም፣ በሩ ተዘጋ፣ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ። ያለ ሰው ድጋፍ ከወንበራቸው የማይነሱ ሴት!

«ማርጋሬት! እኔ ነኝ፣ ይክፈቱልኝ!»

«ይቅር በይኝ» አሉኝ ከውስጥ፣ እያለቀሱ፤ «የጠራችው አንቺን ነው።»

ካፖርቴም ስልኬም እዚያው ውስጥ ናቸው። ተናደድኩ፣ ፈራሁ፣ በሁለት እጄ በሩን ደበደብኩት። ክንዴ ሲዝልብኝ አቆምኩ። ማንኳኳቱ ግን አልቆመም፣ ከጉልበቴ በታች ይቀጥላል፤ ከእኔ ጋር እኩል ሲመታ እንደቆየ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሴትዮዋ ዛሬም እዚያው ቤታቸው አሉ፣ እኔ ግን ተመልሼ አልሄድኩም። ከዚያ ቀን ወዲህ ምንም አልሰሙም፣ እንቅልፋቸውም ተመልሷል ብላኛለች አለቃዬ፣ ደስ ብሏታል። የእኔን እንቅልፍ ግን አትጠይቁኝ፤ ዱብ ዱብ የሚለው አሁን ከእኔ ቤት ወለል ሥር ነው።