አቅጣጫቸው የጠፋ ድንጋዮች

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሰሞን፣ ወይዘሪት ሰብለ ሞላ የተባለች የሥነ ምድር ተመራማሪ በስማዳ፣ ከወገዳ በታች ባለው ጥቁር ገደል ላይ ብቻዋን ድንጋይ ትበሳ ነበር፤ ባልደረባዋ ክረምቱ መንገዱን ሳይዘጋው ልሂድ ብሎ ከተመለሰ ሳምንት አልፎታል፤ ከሰው የምትነጋገረው ማሳቸው ከገደሉ ሥር የሆነ አያ ጓዴ የሚባሉ ገበሬ ሲያልፉ ብቻ ነበር።

«ከድንጋዩ ምን ታገኚያለሽ?» አሏት አንድ ቀን።

«ይኼ ድንጋይ ድሮ ከምድር ሆድ ቀልጦ የወጣ ነው፤ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያሉት የብረት ቅንጣቶች የዚያን ዘመን ሰሜን እንዳዩ ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ምድሪቱ ዞራ ከሆነ እነሱም አብረው ዞረዋል፤ ስንት እንደ ዞረች ከነሱ ይለካል።»

አያ ጓዴ ገደሉን ቀና ብለው አዩት። «እኛ እዚሁ የቆምን እየመሰለን» አሉና በሬዎቻቸውን ነዱ።

አውራ ጣት የሚያህሉ ስድሳ አራት ድንጋዮች ወጡ፤ በያንዳንዱ ላይ ቁጥርና አቅጣጫውን የሚያሳይ ቀስት ጻፈች፤ ያለ ቀስቱ ድንጋዩ ምስክር አይሆንም። በሣጥን አድርጋም ንፋስ መውጫ ከተማ፣ ክፍል ካከራዩዋት ከወይዘሮ አዜብ ቤት አኖረቻቸው።

በነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ከከተማይቱ ሲደርስ ሰብለ ሰው በሞላበት መኪና ተሳፍራ ወደ ደብረ ታቦር ሸሸች፤ የመስክ ደብተሯን እንጂ ሣጥኑን መያዝ አልቻለችም። ወይዘሮ አዜብ አልሄዱም፤ አንድ ልጃቸው ዘመኑ በሐምሌ ከሚሊሻው ጋር ዘምቶ ነበርና፣ ሲመለስ ቤቱን ተዘግቶ እንዳያገኘው ብለው ብቻቸውን ቀሩ።

በጥር ስትመለስ የቤቱ ግማሽ ጣሪያ ተቃጥሎ ወድቋል። ድንጋዮቹ ግን በነጠላ ላይ ተደርድረው፣ ጸድተው ጠበቋት።

«ጥላሸት ለብሰው ነበር፤» አሉ ወይዘሮ አዜብ። «በአመድና በአሸዋ አሽቼ አጠብኋቸው። ሌላ የምሠራው አልነበረኝም፤ ሁሉም አሉ።»

ሰብለ አንዱን አንስታ አገላበጠችው፤ ቀስትም ቁጥርም የለውም።

«ዘመኑስ፣ እትዬ?»

«አልመጣም።»

ከዚያ ወዲያ ስለ ቀስቶቹ መናገር አልሆነላትም። «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ አለች።

ሣጥኑን አሸክማ ወደ ገደሉ ወረደች፤ የያንዳንዱን ድንጋይ የተሰበረ ጫፍ ከየጉድጓዱ ስብራት ጋር እያጋጠመች፣ የገጠመውን በደብተሯ ካለው ልኬት እያመሳከረች ሦስት ሳምንት ቆየች።

«መልሰሽ ልትተክያቸው ነው?» አሏት አያ ጓዴ።

«ወዴት ያዩ እንደ ነበር ልለይ ነው።»

ሃምሳ አንዱ ቦታቸውን አገኙ፤ አሥራ ሦስቱ አልገጠሙም። ስትሰናበት ወይዘሮ አዜብ፣ «እነዚህስ?» ብለው ጠየቁ።

«ከየትኛው ጉድጓድ እንደ ወጡ አላወቅሁም።»

«እንግዲያው እኔ ዘንድ ይቀመጡ።»

ጥናቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ታተመ፤ ያ የስማዳ መሬት ከሰሜን ወደ ምዕራብ ጥቂት ዲግሪ እንደ ዞረ ይናገራል፤ አሥራ ሦስት ናሙናዎች ከስሌቱ ውጭ መደረጋቸውንም በአንድ መስመር ይጠቅሳል። ሰብለ የምስጋናውን ገጽ ለወይዘሮ አዜብ በስልክ አነበበችላቸው።

«ስሜን ጻፍሽልኝ?»

«አዎን፣ እትዬ።»

«የልጄንስ?» አሏት።

ጥናቱ ታትሞ አልቆ ነበር።