አራት መቶ ገዥዎች

ሃልቫርድ ሙኤን ጭስ በማታወጣ መኪና ውስጥ በጭስ ታፍኖ ሞተ።

አስከሬኑ የተገኘው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ኔስቪክ በምትባለው የኖርዌይ የባሕር ዳር ከተማ፣ በሉንደ መኪና ፋብሪካ ጓሮ ነው። ሉንደ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ በኤሌክትሪክ የምትሄድ ትንሽ የከተማ መኪና ናት። ሟቹ መሪውን እንደያዘ ተቀምጧል። ቡናማ አይብ ያለበት ዳቦው ተገምጦ ጭኑ ላይ ቀርቷል። ጉንጩ የሞተ ሰው ጉንጭ አይመስልም፤ ከሜዳ ሮጦ እንደገባ ልጅ ቀልቷል።

«መቅላቱን እዪው» አለ ሐኪሙ። «ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። አንድ ሰዓት እንኳ አልቆየም።»

መርማሪ ሲኖቬ ሃውገን ጓንቷን አውልቃ የሟቹን ዐይን ከደነች፤ ከንፈሯም ለአጭር ጸሎት ተንቀሳቀሰ። ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሰው ሲናገር አታቋርጥም፤ ሰው ዝም ሲልም አትቸኩልም። በዚህ ጠባይዋ ብዙዎች ሳይጠየቁ ተናዝዘውላታል።

«ኤሌክትሪክ መኪና ከየት አምጥታ ነው ካርቦን የምታወጣው?» አለች።

መልሱን የሰጣት የፋብሪካው አሮጌ መካኒክ ኤምብሪክ ነው። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው።

«ከወንበሩ ሥር በነጭ ጋዝ የምትነድ ምድጃ አለች። በዚህ ብርድ ውስጧን በባትሪ ካሞቅሽው የመንገድሽን ግማሽ ይበላብሻል። ስትሰካ በግድግዳው ኤሌክትሪክ ትሞቃለች፤ ምድጃዋ የምታሞቀው ካልተሰካች ነው። ጭሷ በዚች በጣት በምታክል ቱቦ ከኋላ ይወጣል። ምድጃዋን የገጠምኳት በእነዚህ እጆቼ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ በእኔ ምድጃ እንኳን ሰው ዓሣም አይታፈንም!»

ቱቦዋ በበረዶ ተደፍናለች። ከኋላዋ የበረዶ ጠራጊው መኪና የገፋው ነጭ ክምር ቆሟል። የሚታየው ነገር ግልጽ ነበር፦ ጠራጊው በረዶውን ገፍቶ ቱቦዋን ደፈናት፣ ጭሱ መውጫ አጥቶ በወለሉ ስንጥቅ ገባ፣ ሰውየውም ዳቦውን እየበላ አንቀላፋ።

ኤምብሪክ ዐይኑን ወደ መኪናዋ ጎን ሲመልስ ድንገት ንዴት ያዘው። «ደግሞ ይኼን የባትሪ መሙያ ገመድ ስፖኪዮው ላይ ማን ጠመጠመው? ስንት ስፖኪዮ ነው የቀየርኩት! መስቀያ ሠርቼላቸው የለ!»

«እንዲህ የሚያደርገው ማነው?»

«የቤት ለቤት ነርሶቹ ናቸዋ። ከበሽተኛ ወደ በሽተኛ ሲሮጡ ሳይነቅሉ እየነዱ ሶኬት ከግድግዳ ጋር ገንጥለው ይሄዱ ነበር። እንዳይረሱት ብለው ዐይናቸው ፊት ያንጠለጥሉታል። መላ መሆኑ ነው!»

የሲኖቬ ስልክ ጮኸ፤ አለቃዋ ነው።

«የከተማው ምክር ቤት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ለነርሶቹ ስልሳ ሉንደ ይገዛ አይገዛ ድምፅ ይሰጣል። እስከ ስድስት ሰዓት የሞቱን ምክንያት እፈልጋለሁ። ምድጃው ከሆነ የገጠመውን ሰው ይዘሽው ነይ፤ ግዥውም ይቀራል።»

ኤምብሪክ ሰምቶታል። ቆቡን አውልቆ በሁለት እጁ ጨበጠው። «አርባ ዓመት ሠርቼ፣ ሰው ገደለ ተብዬ ልውጣ?»

«እስቲ ቆይ» አለች ሲኖቬ። «ገና ስድስት ሰዓት አልሆነም።»

ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ከሟቹ ሌላ በፋብሪካው የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሌሎቹ መኪኖቹን አጥበው ለማሳየት ወደ ምክር ቤቱ አዳራሽ ሄደዋል። አንዱ ኤምብሪክ ነው፤ ሬዲዮውን ከፍቶ ወርክሾፕ ውስጥ ነበር። ሁለተኛው የፋብሪካው ባለቤት ታራልድ፣ ሦስተኛዋ የሽያጭ ኃላፊዋ ቱሪድ።

ታራልድ ቢሮው ውስጥ ይንጎራደዳል። ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ከጋዜጠኛ ጋር በስልክ ሲያወራ እንደነበር ተናገረ፤ ጋዜጠኛውም ኋላ ይህንኑ አረጋገጠ።

«ሃልቫርድ እዚህ ምን ይሠራ ነበር?»

«የገበያ ጥናት ነዋ። ክረምቱን ሙሉ ሉንደን ሲነዳ፣ ሰው ሲያነጋግር ከረመ። ዛሬ ውጤቱን ለምክር ቤቱ ሊያነብ ነበር። ይቺን መኪና ማን ይገዛታል ይሉናል፤ መጫወቻ ናት፣ አሻንጉሊት ናት እያሉ ይሳለቁብናል። እኛ ግን አራት መቶ ሰው ስሙን አስመዝግቦ እየጠበቀን ነው! አራት መቶ!»

«ማን መዘገባቸው?»

«ቱሪድ ናታ። ያለሷ ይህ ፋብሪካ አምና ተዘግቶ ነበር። ነርስ ሆና ሉንደን ሁለት ክረምት የነዳቻት እሷ ናት። ስለ መኪናዋ ስትናገር ድንጋይ ታሳምናለች።»

ቱሪድ ከታች በእንግዳ መቀበያው ተቀምጣለች። ጸጉሯ በጥንቃቄ ተሠርቷል፤ ለስብሰባው የለበሰችው ቀሚስ አዲስ ነው። ዐይኗ አብጧል።

«በሁለት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ መጣሁ። በፊት በር ነው የገባሁት፤ ጓሮውን አላየሁትም። ምስኪን ሃልቫርድ! በዚህ ብርድ እዚያ ተቀምጠህ አትብላ፣ ግባ ስንለው አይሰማም።»

«ጥናቱ ምን እንደሚል ነግሮሽ ነበር?»

«ለማንም አልነገረም። ምስጢረኛ ነበር።»

ሲኖቬ አመሰገነቻትና ወደ ጓሮው ተመለሰች። የበረዶ ማንሻ አካፋ በኋላው በር አጠገብ ቆሟል። ተንበርክካ ቱቦዋን የደፈነውን በረዶ ተመለከተች። ከዚያ የጠራጊውን ሾፌር ዮስታይንን አስጠራችው።

«እኔ አልደፈንኩም!» አለ ከመኪናው ሳይወርድ። «ሉንደዎች ላይ ሁሉ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ለምን ሆነና? ቁመናቸው የእኔን ጎማ አያክል፤ ባንዲራውን አይቼ ነው የምሸሻቸው። ልክ በሁለት ሰዓት አለፍኩ፤ ከመኪናዋ ኋላ ክንድ ተኩል ቦታ ትቼለታለሁ። ሃልቫርድም ዳቦውን ከፍ አድርጎ ሰላም ብሎኛል። አፉ ሞልቶ ነበር።»

ከሟቹ ቦርሳ ሁለት ነገሮች ወጡ፤ ማስታወሻ ደብተርና የገዥዎቹ ስም ዝርዝር። በዝርዝሩ ላይ ብዙዎቹ ስሞች በእርሳስ ተሰርዘዋል። ሲኖቬ ከተሰረዙት አንዱን መርጣ ደወለች።

«እማማ ቦርግሂልድ ነዎት? አንድ መኪና ለመግዛት ተመዝግበው ነበር?»

ከመስመሩ ወዲያ ሳቅ ተሰማ፤ ሳቁ በሳል ተቋረጠ። «መኪና? እኔ? ልጄ፣ ዘጠና አንድ ዓመቴ ነው! ዐይኔ ከጠፋ ስድስት ዓመት አለፈው። መንዳቱንስ ተይው፣ በሩን በየት በኩል እንደሚከፍቱት ብትነግሪኝ! እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሌላም ሰው ነበር። ቁጭ ብሎ ወሬዬን ሁሉ ሰማኝ። ደግ ሰው ነው።»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ሲኖቬ ሦስቱንም የምሳ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ዮስታይንና ሐኪሙም መጡ። የፋብሪካው የምሳ ሰዓት ደርሷልና ሁሉም ከቤት ያመጣውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ወረቀቱን የፈታ ግን የለም።

«አሁን ይዘሽኝ ነው የምትሄጂው?» አለ ኤምብሪክ።

«ተቀመጥ፣ ኤምብሪክ። ምድጃህ ምንም አልሆነም።» ደብተሩን ገለጠች። «ሃልቫርድ ዛሬ የጻፈው ይኸው ነው፦ ‹በአንድ ሰዓት ከሠላሳ አምስት ደረስኩ። አልሰካትም። ምክር ቤቱ ማየት ያለበት ሌሊቱን በብርድ ያደረ ባትሪ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ነው።› ስላልሰካት በምድጃዋ ሞቀ። መኪናዋ ግን ተሰክታ ተገኘች። እንግዲህ ሌላ እጅ ገብቷል።»

«እኔ አይደለሁም» አለ ኤምብሪክ። «ሳገኘው የመኪናዋን በር ብቻ ነው የከፈትኩት።»

«አምንሃለሁ። ገመዱ የተዘረጋው ጠራጊው ካለፈ በኋላ ነው፤ ከጠራጊው ክምር በላይ ተጋድሟል። ከሁለት ሰዓት በፊት ቢሰካ ከክምሩ ሥር ይቀበር ነበር። ዮስታይንም ክንድ ተኩል ክፍት ቦታ ትቷል። ያንን ቦታ የሞላው በረዶ ጠፍጣፋ ሆኖ ተጠቅጥቋል፤ የአካፋ ጀርባ ምልክት አለበት። ስለዚህ አንድ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ በኋላው በር ወጣ፣ ቱቦዋን ደፈነ፣ ገመዱን ሰካ።»

ታራልድ ግንባሩን ቋጠረ። «ሰው ሊገድል የመጣ ሰው መኪና ቻርጅ ያደርጋል? ምን ዓይነት እብድ ነው?»

«እብድ አይደለም። ልማድ ያለው ሰው ነው። ገመዱ ስፖኪዮው ላይ ተጠምጥሟል። እንዲህ የሚያደርጉት የቤት ለቤት ነርሶች ብቻ ናቸው። በፋብሪካው ውስጥ ከነበሩት ሦስት ሰዎች ነርስ የነበረችው አንዷ ናት።»

ማንም ወደ ቱሪድ አልዞረም፤ ሁሉም ግን እሷን እየጠበቀ ነበር።

«በገመድ አጠማጠም ሰው ይከሰሳል?» አለች ቱሪድ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «እኔ ሰው ሳድን የኖርኩ ነኝ። እሱን የምጎዳበት ምን ምክንያት አለኝ?»

ሲኖቬ ዝርዝሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«አራት መቶ ስም። በፊደል ተራ አይደለም የተጻፈው፤ በተመዘገቡበት ቀንም አይደለም። መጀመሪያ ኮረብታው ላይ ያሉት ቤቶች፣ ቀጥሎ የቤተ ክርስቲያኑ መንገድ፣ ከዚያ ወደብ፣ ከወደብ ማዶ ሌላው መንደር። ማለዳ ኮረብታው ላይ ጀምረሽ ማታ ባሕሩ ዳር የምትጨርሺበት መንገድ ነው፣ ቱሪድ። ነርስ ሆነሽ ዓመታት የተመላለስሽበትን መንገድ ነው የጻፍሽው። ግማሾቹ ገዥዎችሽ አልጋ ላይ ናቸው፤ አንዳንዶቹም አርፈዋል። እማማ ቦርግሂልድ ዐይነ ስውር ናቸው። ሃልቫርድ በየቤታቸው ሄዶ፣ ተቀምጦ ሰምቷቸዋል።»

ታራልድ ዝርዝሩን ስቦ አየ። ከንፈሩ ነጣ። «ቱሪድ... አራት መቶ ብዬ በጋዜጣ...»

«አንተ ነህ ገዥ አምጪ ያልከኝ!» ተነሳች። «በየቀኑ! ገዥ የት አለ፣ ገዥ የት አለ! ሰዉ መኪናዋን ይወዳታል፣ ግን ማንም የመጀመሪያው መሆን አይፈልግም። ሌላው ገዝቷል ሲባል ነው የሚመጣው። ጥቂት ስም ብጨምር እውነተኞቹ ይከተላሉ ብዬ ነው። ትናንት ሃልቫርድ፣ ‹ነገ እውነቱን አነባለሁ› አለኝ። ይህ ቤት ሊዘጋ! የሰው እንጀራ...»

ቃሏን ሳትጨርስ ቆመች። ሲኖቬ አላቋረጠቻትም። 

«ራሱን እንዲያዞረው ብቻ ነበር» አለች ቱሪድ ቀስ ብላ። «ስብሰባው እንዲያመልጠው።»

«የጭስ መርዝ ምን እንደሚያደርግ ነርስ ታውቃለች።»

ቱሪድ የአዲሱን ቀሚሷን ጫፍ አስተካከለች።

«መኪናዋን ለምን ሰካሻት?» አለች ሲኖቬ።

ቱሪድ ቀኝ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ተመለከተችው። «መስታወቱ በትንፋሹ እንፋሎት ተሸፍኖ ነበር፤ አላየኝም። ገመዱ ከግድግዳው ሥር ወድቆ ነበር። በዚህ ብርድ ሉንደን ሳይሰኩ ትቶ መሄድ... ማንኛችንም አናደርገውም። በሽተኛ ይጠብቃል። እጄ ነው ያደረገው። እኔ ማድረጌንም አላስታውስም።»

ከዚያ ዐይኗን ወደ ደብተሩ አዞረች። «በመጨረሻው ምን ብሎ ጻፈ?»

ሲኖቬ የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ አነበበችው። «‹አራት መቶ የተባለው ሐሰት ነው። ቆርጠው የወሰኑ ገዥዎች ሠላሳ ሰባት አግኝቻለሁ። ይህች መኪና ለሁሉም ሰው አትሆንም። በአጭር መንገድ ቀኑን ሙሉ ለሚመላለስ ግን የምትሻለውን አላየሁም። ለነርሶቹ ትገዛ ብዬ እመክራለሁ።›»

ቱሪድ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊቷን አልሸፈነችም፤ አላለቀሰችምም። ሐኪሙ ኮቷን አምጥቶ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ሲኖቬም ክንዷን ይዛ አወጣቻት።

ሌሎቹም ወጡ፤ ታራልድና ኤምብሪክ ብቻቸውን ቀሩ።

«ምክር ቤቱ ፊት ሄጄ ምን እላለሁ?» አለ ታራልድ። «ስንት ገዥ አላችሁ ቢሉኝ?»

«ሠላሳ ሰባት በላቸው። ምድጃ እንዳላትም ንገራቸው፤ እኔም አብሬህ ቆሜ እንዴት እንደምትሠራ አሳያቸዋለሁ።»

«ይስቁብናል፣ ኤምብሪክ።»

አሮጌው መካኒክ ቆቡን ደፍቶ በሩን ከፈተለት። «ይሳቁ። የሠላሳ ሰባቱን በር ብታንኳኳ፣ ሠላሳ ሰባቱም ይከፍቱልሃል።»