ስንት ቀራችሁ?

እኔ የጆንያ ነጋዴ ነኝ፣ በእጄ ገልብጬ ያላየሁትን ጆንያ አልገዛም፣ በዓይኔ ያላየሁትን ወሬም እንደዚያው። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ስለ ውቃቢ ማውራት ስትጀምር ተነስቼ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፣ አድጌም የሱቅ ጎረቤቶቼ ስለ ጅን ሲያወሩ "ጅኑ ንግድ ፈቃድ አለው?" እያልኩ ነው የማሾፍባቸው። አሁን ይሄን የምነግርህም አምኜ እንዳይመስልህ ወዳጄ፣ የሆነውን እንደሆነ ልንገርህና አንተ እንደፈለግህ አድርገው።

ሱቄ መርካቶ ጎጃም በረንዳ ነው፣ ላዩ ሱቅ ነው፣ ታቹ ምድር ቤት፣ ወደ ምድር ቤቱ አሥራ አራት ደረጃ ይወርዳል፣ መስኮት የሚባል ነገር የለውም፣ ያለ አምፖል እጅህን አታይም። በስተኋላ ጥግ፣ ከግድግዳው ሥር፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊገባበት የሚችል አሮጌ የድንጋይ ቦይ አፍ ነበረ። ሰፈሩ እንዲህ ሳይጠቀጠቅ በፊት እዚያ ጋ ወንዝ ነበረ ይላሉ፣ በቅሎ ይጠጣበት፣ ልብስ ይታጠብበት ነበር ይላሉ፣ ከዚያ ሰው በላዩ ቤት ሠራ፣ በቤቱ ላይ ሱቅ ሠራ፣ በሱቁ ላይ ፎቅ ሠራ፣ ውሃው ግን አገሩን ለቆ አልሄደም፣ ከታች ነው ያለው። ከእኔ በፊት የነበሩት ነጋዴዎች ያንን ጥግ ዕቃ አይደረድሩበትም ነበር፣ በክረምት ውሃ ቢመጣ መውጫ እንዲያገኝ ብለው ባዶውን ይተዉታል። እኔ ደግሞ መርካቶ ውስጥ ባዶ ቦታ ማየት ያመኛል። በድንጋይና በሲሚንቶ አስደፈንኩትና ጆንያ እስከ ጣሪያ ከመርኩበት፣ ሁለት ክረምት ምንም አልሆነም፣ እንዲያውም ሽታው ጠፋልኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ።

የተቀደደውን ጆንያ የሚሰፉልኝ እትዬ ስንዱ ይባላሉ። ሰባ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ ግን ምድር ቤቱ ውስጥ ዱካቸው ላይ ከተቀመጡ እጃቸው አያርፍም፣ አፋቸውም አያርፍም። በልጅነታቸው ከጎጃም የመጡ ናቸው፣ እስከ ዛሬ የአገራቸውን ወንዝ በስም በስም ነው የሚጠሩት። አንድ ጊዜ ስለ እንጦጦ አንስተን ተከራከርን፣ እኔ ከልጄ የጂኦግራፊ ደብተር ያየሁትን ነገርኳቸው፣ ተራራው ጫፍ ላይ የሚወርደው ዝናብ ለሁለት እንደሚከፈል፣ ወዲያ ማዶ የወደቀው በሙገር አድርጎ አባይ እንደሚገባ፣ ወዲህ የወደቀው በጉለሌ ቁልቁል ወርዶ፣ በእኛ ሥር አልፎ፣ ትንሹ አቃቂን ይዞ አዋሽ እንደሚገባ፣ አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ ውስጥ እንደሚቀር። ሰምተው ሰምተው "ምነው ያ ደመና ትንሽ ወደ እኛ አባይ ገፋ ባለ" አሉ፣ ከልባቸው አዝነው።

እንግዲህ ቀኑ ነሐሴ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ጠዋት ካካፋው በኋላ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ እየደረቀ ነበር፣ ይሄን ልብ በልልኝ፣ መርካቶ ላይ ከዚያ ወዲያ ጠብታ አልወረደም። አብነት ሰፈር ያለ እህል ነጋዴ ደንበኛዬ ጆንያ አዞኛል፣ አሥር ሰዓት ላይ መኪና ይዞ ይመጣል፣ እትዬ ስንዱ ይሰፋሉ፣ እኔ እያጠፍኩ በሃያ በሃያ አስራለሁ፣ ሁለታችን ብቻ ነን ምድር ቤቱ ውስጥ። ከላይ ተሸካሚዎች የጎረቤትን መኪና ያራግፋሉ፣ ይጯጯሃሉ፣ የጋሪ ጎማ ይንቋቋል፣ ያው የየቀኑ ድምፅ ነው።

በዚህ መሃል አንድ ሰው ድምፁን ረዘም አድርጎ "ስንት ቀራችሁ?" ሲል ሰማሁ። ከተሸካሚዎቹ አንዱ መሰለኝ፣ ማሰሪያው አልጠብቅ ብሎኝ ተናድጄ ስለነበር ቀና እንኳ ሳልል "ሁለት ነን፣ ምን ፈለግህ?" ብዬ መለስኩ። እትዬ ስንዱ መርፌያቸውን ጆንያው ላይ ሰክተው ቆም አሉ።

"ማንን ነው የምታናግረው ታደለ?"

"ተሸካሚዎቹን ነዋ፣ አንዱ ስንት ቀራችሁ ይላል።"

"በየት በኩል?"

በደረጃው በኩል ልል እጄን አነሳሁና እዚያው ቀረ። እመነኝ፣ ድምፁ ከደረጃው አልመጣም። ከጆንያው ክምር ጀርባ፣ ካስደፈንኩት ግድግዳ በኩል ነው የመጣው።

እትዬ ስንዱ ፊታቸው ተለወጠ። "በእኛ አገር" አሉኝ፣ "ክረምት ላይ ገበያ ስንሄድ ወንዝ የሚያሻግር ዋናተኛ አለ፣ ገመድ ይዞ ማዶ ይቆምና 'ስንት ቀራችሁ?' ብሎ ይጣራል፣ ወዲህ የቀረው ሰው ቁጥሩን ይነግረዋል። ሁለት ነን ካልከው ሁለታችሁም እስክትሻገሩ ገመዱን አይለቅም፣ ላይ አገር ዘንቦ ደራሽ ውሃ እየመጣ እንኳ ቢሆን ቆሞ ይጠብቃል። ማንም የለም ሲሉት ነው ገመዱን ጠቅልሎ ወደ ቤቱ የሚገባው።"

"ታዲያ አሁን ገበያ ልንሻገር ነው?" አልኳቸው እየሳቅሁ።

እሳቸው አልሳቁም። "ሁለት ብለህ ቆጥረኸኛል። ከተቆጠሩ በኋላ ሰው ማስጠበቅ ነውር ነው" ብለው እጃቸውን መሬት ላይ ተደግፈው መነሳት ጀመሩ።

እኔ ምን አልኩ መሰለህ፣ አሁን ሳስበው አፍራለሁ፣ "ይቀመጡ እንጂ፣ ሰውዬው አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ አርባ ጆንያ ይቀረናል" ብዬ ተቆጣኋቸው። ይሄን እያልኩ ግን አፍንጫዬን ሌላ ነገር መታው። የቦይ ሽታ አውቃለሁ፣ መርካቶ ተወልጄ የቦይ ሽታ ልትነግረኝ አትችልም፣ ይሄ እሱ አልነበረም፣ ንጹሕ ነው፣ እርጥብ አፈርና ቄጤማ የሚል ሽታ። ቀጥሎ ከግድግዳው ወዲያ ጠጠር ሲንከባለል ተሰማኝ፣ ቀስ ብሎ፣ ያቆማል፣ ደግሞ ይጀምራል። ከዚያ ሰው ውሃ ውስጥ ሲራመድ፣ አንድ እግሩን አንስቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ ያለው ድምፅ። አምፖሉን አየሁት፣ ይወዛወዛል፣ ነፋስ በማይገባበት ቤት።

"ስንት ቀራችሁ?"

ይሄን ሁለተኛውን እሳቸውም ሰሙት። አነጋገሩ ቁጣ የለበትም፣ ግን ሥራ ላይ ያለ ሰው ድምፅ ነው፣ ቸኩሏል። እትዬ ስንዱ ቀና ብለው በደንብ ጮክ አድርገው "ሁለት ነን አባቴ፣ እየወጣን ነው!" አሉ፣ እኔም ወዳጄ ያኔ መጨቃጨቅ ተውኩ፣ ክንዳቸውን ያዝኩ። አሥራ አራቱን ደረጃ እንዴት እንደወጣን አልነግርህም፣ ጉልበታቸው አልታጠፍ ይላል፣ በየሁለት ደረጃው ይቆማሉ፣ እኔ ከኋላ እገፋለሁ፣ በልቤም ራሴን እየሰደብኩ ነው፣ በእኚህ ሴት ዕድሜ ያለ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ለጆንያ ብዬ አስቀምጬ።

ላይ ደረስን። እሳቸውን ሱቁ በር ላይ ወንበር ሰጥቼ አስቀመጥኳቸው፣ ፀሐይ ነው፣ ሰው ይተላለፋል፣ አንዷ ካልሲ እየዞረች ትሸጣለች፣ ምንም የለም። ምንም አለመኖሩ አናደደኝ። ኪሴን ስዳብስ ስልኬ የለም፣ ታች ክምሩ ላይ አስቀምጬው ነው የወጣሁት፣ ደንበኛዬ ደግሞ ይደውላል፣ "አሁን መጣሁ" አልኳቸውና ተመልሼ የምድር ቤቱን ብረት በር ከፍቼ አንድ እግሬን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ አሳረፍኩ።

"ስንት ቀራችሁ?" አለ ለሦስተኛ ጊዜ።

አፌን ሳልከፍት ከታች፣ ከራሴ ምድር ቤት ውስጥ፣ አሁን እኛ ከነበርንበት፣ አንድ ሰው "አንድ" ብሎ መለሰ።

አልጮኸም። አልደነገጠም። ወረፋውን እንደሚጠብቅ ሰው ነው ያለው፣ ዝም ብሎ፣ "አንድ"። የወንድ ይሁን የሴት አላወቅሁም፣ ስንት ጊዜ በልቤ መልሼ ሰምቼዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። አምፖሉ በርቷል፣ ከላይ ሆኜ የምድር ቤቱን ግማሽ አያለሁ፣ የእትዬ ስንዱን ዱካ አያለሁ፣ መርፌው ጆንያው ላይ እንደተሰካ አያለሁ፣ ሰው አላይም። መውረድ ነበረብኝ። አሥራ አራት ደረጃ ነው። እኔ ያደረግሁት ግን ድምፄን ከዚያ ድምፅ በላይ ከፍ አድርጌ "ማንም የለም!" ብዬ መጮኽ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ጠሪው "እሺ" አለ፣ እኔም በሩን ዘጋሁ።

እጄ ከመቀርቀሪያው ሳይነሳ ታች ያስደፈንኩት ግድግዳ ተገንድሶ ሄደ። ድምፁን የሰማ ሁሉ ፎቅ የተደረመሰ መስሎት ሮጧል፣ ውሃው ደረጃውን ሽቅብ ወጥቶ በበሩ ሥር እስከ ጫማዬ መጣ፣ ቡና መልክ፣ ቅጠልና የባሕር ዛፍ ፍሬ ያለበት። በኋላ ሲወራ እንጦጦ ላይ በረዶ ቀላቅሎ ሲያወርደው ነበር አሉ፣ እኛ ፀሐይ ስንሞቅ። እትዬ ስንዱ ከወንበራቸው አልተነሱም፣ ውሃውን አይተው አማተቡና "አወጣን" አሉ።

ውሃው በፓምፕ ተስቦ እስኪያልቅ ሦስት ቀን ፈጀ። ሁሉም ሰው ስለ ንብረቴ ያጽናናኛል፣ እኔ ስለ ንብረቴ አላሰብኩም፣ ጭቃው ውስጥ ገብቼ ጆንያ በጆንያ በእጄ እየዳበስኩ የምፈልገው ሌላ ነው። ምክንያቱም፣ ላስረዳህ፣ የቀን ሠራተኞች አንዳንዴ ምሳ በልተው ጆንያ መሃል ገብተው ጋደም ይላሉ፣ ባየሁ ቁጥር አባርራቸዋለሁ፣ ሳላይ የገባ ቢኖርስ? ማንም አልተገኘም። ያስደፈንኩት ቦይ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው ጎንበስ ብሎ ሊወጣበት ይችላል፣ ውሃም ሰው ሊወስድበት ይችላል። ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁ፣ የጎደለ ሰው የለም አሉኝ፣ ደግሞም መርካቶ የሚመጣውን ሁሉ በስሙ የሚያውቅ ማን አለ? በወንዙ ዳር ቁልቁል እስከ መካኒሳ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ፣ እዚያ ላስቲክ የሚያጥቡትን፣ ጎመን የሚያጠጡትን ሁሉ "ጎርፉ ሰው አምጥቶ ነበር እንዴ?" እያልኩ። ያን ቀን ፍሪጅ አምጥቶ ነበር፣ ጥጃ አምጥቶ ነበር፣ ሰው አላየንም አሉኝ።

ለራሴ ብዙ አስረድቼዋለሁ። ከላይ ጉለሌ ጋ ጎርፉን ያየ ሰው እየተጣራ ድምፁ በቦይ መጥቶ ይሆናል፣ ያ ይሆናል፣ ቦይ ድምፅ ይወስዳል። "አንድ" ያለው ደግሞ እኔኑ ቆጥሮ ይሆናል፣ ልወርድ የነበርኩት እኔ ነኛ፣ ብወርድ የምቀረው አንዱ እኔ ነበርኩ። ይሄኛው በጣም ያጽናናኛል፣ ግን ለጊዜው ነው፣ ምክንያቱም ጠሪው ከወዲያ ነበር፣ መልሱ ከወዲህ፣ ከእኔ ቤት።

እትዬ ስንዱ አሁን ላይ ሱቁ ውስጥ ነው የሚሰፉት። አንድ ቀን ክር እየቋጠሩ "መጨረሻ ላይ ጠርቶ ነበር ወይ?" አሉኝ።

"ጠርቶ ነበር" አልኳቸው።

"ማንም የለም አልከው?"

"አልኩት።"

"ጎሽ፣ እንደዚያ ካልተባለ ቆሞ ይቀር ነበር እኮ" አሉና ክራቸውን በጥርሳቸው በጠሱ። ሌላውን አልነገርኳቸውም።

ምድር ቤቱን ደላሎች ሲጠይቁኝ አላከራይም እላለሁ፣ ቦዩን ክፍት አድርጌዋለሁ፣ ዕቃም የለበትም። ዘንድሮም ክረምቱ ገብቷል፣ እንጦጦ ሲጠቁር ባየሁ ቁጥር በሩን ከፍቼ ደረጃው አናት ላይ እቆማለሁ፣ ወደ ጨለማው ጮክ ብዬ ስንት ቀራችሁ ብዬ መጠየቅ እፈልጋለሁ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም። መልስ የሰጠኝ እንደሆነ መውረዴ ነው።